ከእምቦጩ በታች

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና ሲወራ ወሬው ሁሉ ከውኃው በላይ ነው። እምቦጩ ሰፋ፣ እምቦጩ ቀነሰ። ውኃው ሸሸ፣ ውኃው ሞላ። ማሽን ገባ፣ ማሽኑ ቆመ። አረሙ በ2011 ከታየ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሁላችንም ዓይን እዚያው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። አልፈርድም። አረንጓዴ ነገር ሐይቅ ላይ ተንሰራፍቶ ሲታይ ያስደነግጣል። ለቴሌቪዥንም ይመቻል። ጭቃ ግን ለቴሌቪዥን አይመችም።

እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ጭቃው ነው። ከሐይቁ ሥር ስለተኛው ደለልና ከዳርቻው ስላለው አፈር። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለ ክሎሪንና ካርቦን እያወራሁ እኖራለሁ። ነገር ግን ክሎሪንና ካርቦን ተጣብቀው የሠሯቸው መርዞች ከእግሬ ሥር ባለው አፈር ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ለተማሪዎቼ የሚነግር ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ደፍርሰው ይገቡበታል። የሚያደፈርሳቸው የደጋው አፈር ነው። ዓባይ ከባሕር ዳር ሲወጣ ከዚያ አፈር ጥቂቱን ይዞ ይሄዳል። አብዛኛው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀመጣል።

መርዙ የሚመጣው በዚህ ጉዞ ነው። በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች የሚባሉት ኬሚካሎች ውኃ አይወዱም። ቅባት ግን ይወዳሉ፤ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ያለበትን አፈርም እንደዚያው። ውኃ ውስጥ ሲገቡ አይሟሙም ማለት ይቻላል። የአፈሯን ቅንጣት እንደ ጨጎጎት ሙጭጭ ብለው ይይዙና አፈሩ የሄደበት ይሄዳሉ። ስለዚህ ከሐይቁ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ መርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለት ብዙም አያጽናናም። ጥያቄው ደለሉ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው።

እነዚህን ኬሚካሎች የሚያግደው ወይም የሚገድበው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ሲጸድቅ ዝርዝሩ ላይ የነበሩት 12 ነበሩ። ዲዲቲ፣ አልድሪንና ዲልድሪን የተባሉት ፀረ ተባዮች፣ የትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒሲቢ፣ ማንም ሳያመርታቸው ቆሻሻ ሲቃጠል የሚፈጠሩት ዳይኦክሲንና ፉራን፣ ሌሎችም። ስምምነቱ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ዛሬ ዝርዝሩ ከ30 አልፏል። ኢንዶሰልፋን የተባለው ፀረ ተባይ ለምሳሌ በ2011 ነው የተጨመረው።

ለእኛ አካባቢ ግን ዋናው ዲዲቲ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ እንደሚመስለው ጥቁርና ነጭ አይደለም።

አንድ አጎት አሉኝ፤ በደርግ ጊዜ የወባ መርጫ ሠራተኛ ነበሩ። ፓምፑን ተሸክመው ከጣና ዳር ያሉትን ፎገራንና ደምቢያን በእግራቸው አዳርሰዋል። መንደር ሲደርሱ ሰው ዕቃውን ሁሉ ደጅ ያወጣል። መሶቡ፣ ጋኑ፣ ቁርበቱ ይወጣና እሳቸው ገብተው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ይረጫሉ። አንድ ቀን ቡና ላይ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያ ዱቄት ለእናንተ አያሰጋም ነበር?»

«ማን ነግሮን?» አሉኝ። «ደግሞስ ያኔ የሚያሰጋው ወባው ነበር። አንተ ወባ ያረገፈው መንደር አላየህም።»

እውነታቸውን ነው። በ1958 አገሪቱን የመታው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ፖል ሙለር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው በከንቱ አይደለም። የስቶክሆልም ስምምነት ራሱ ዲዲቲን ለወባ መከላከያ በጥንቃቄ መጠቀምን ፈቅዷል። የእኛ አገር በ2009 ገደማ ነው በሌላ መድኃኒት የተካችው፤ ያውም ዋናው ምክንያት ትንኟ ስለተላመደችው ነው። አጎቴን የሚከስ ጽሑፍ ከዚህ አትጠብቁ።

ሆኖም ሒሳቡን እንሥራው። ለግድግዳ የሚረጨው ልክ በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም ዲዲቲ ነው። 100 ካሬ ሜትር ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት በአንድ ዙር እስከ 200 ግራም ይወስዳል ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ፣ በየመንደሩ፣ ለአሥርተ ዓመታት ተደጋግሟል። አሁን ደግሞ የእኛን ቤት አስቡት። እንጨትና ጭቃ ነው። ዲዲቲው ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይተዋል። ባለቤቷ አልወደደችውም፤ በዓል ሲመጣ በጭቃና በእበት ትለቀልቀዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከላዩ ይረጫል። እንደገና ይለቀለቃል። ከዓመታት በኋላ ቤቱ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ ወይ በቆርቆሮና ብሎኬት ይተካል። እንጨቱ ለማገዶ ይሄዳል። ምርጉስ? ጓሮ ይደፋል። ጎመንና በቆሎ ይተከልበታል። የቀረውን ክረምቱ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ጉማራ ያወርደዋል።

ስለ ግድግዳው ያልኩት የእኔ ግምት ነው። የኬሚካሉ ጸባይ ግን የታወቀ ነው። ዲዲቲ አፈር ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ሲፈርስም ወደ ምንምነት አይሄድም። አየር ያለበት አፈር ውስጥ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ ያ ከአባቱ የባሰ ግትር ነው። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ወደ ዲዲዲ ይለወጣል። ይህ ለውጥ አንድ ጥቅም አለው። ላብራቶሪ ውስጥ የሦስቱን መጠን አነጻጽሮ ብክለቱ የድሮ ነው ወይስ የቅርብ ጊዜ ብሎ መለየት ይቻላል። ዲዲኢው በዝቶ ዲዲቲው ካነሰ የአጎቴ ዘመን ቅሪት ነው። ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን በቅርቡ የረጨ አለ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለወባ የገባ ዲዲቲ ሾልኮ ወደ ጫትና ሽንኩርት ማሳ እንደሚሄድ በአገሩ ሁሉ ሲወራ የኖረ ነገር ነው። ገበያ ላይ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ «ለትኋን ነው» ተብሎ ሲሸጥ ያላየ አለ? መርዙ ያለቀበት ጄሪካን ታጥቦ ውኃ ሲቀዳበትስ?

ከደለሉ ወደ ትል፣ ከትሉ ወደ አሳ፣ ከአሳው ወደ በላተኛው ይሄዳል። በየደረጃው ይጠራቀማል፤ ቅባት ውስጥ ገብቶ ስለማይወጣ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አሳ ውስጥ ዲዲቲና ዘመዶቹ ተገኝተዋል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ በእናት ጡት ወተትም በላም ወተትም ተገኝቷል። (የጡት ወተት ሲባል የሚደነግጥ ስላለ ልበል፦ የጤና ባለሙያዎች ምክር ጡት ማጥባት ይቀጥል ነው፤ ጥቅሙ ይበልጣል።) አሳም አትብሉ እያልኩ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ቀረሶ ጥብሴን ማንም አይነካብኝም። ጭቃ ሥር የሚውለውና ስቡ የሚበዛው እንደ አምባዛ ያለው አሳ ግን ከሌላው ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል።

እሺ፣ አለ እንበል። እንዴት ነው የሚጸዳው?

ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቆፍሮ ማውጣትና ማቃጠልን ነው። ይቻላል። ግን እሳቱ የእኛ ጓሮ እሳት አይደለም። ክሎሪን ያለበትን ነገር በቀዝቃዛ እሳት ማቃጠል መርዙን ወደ ዳይኦክሲን መለወጥ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይሄ ነው። ምድጃው ከ1,000 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ጭሱም መጣራት አለበት። አገራችን በዚህ ነገር ልምድ አላት። በየመጋዘኑ ተረስተው ያረጁ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲቆጠሩ፣ ከአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት ክምችቶች አንዱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። በርሜሉ ሄደ። በርሜሉ ያንጠባጠበበት ወለልና ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ግን በመርከብ አልተጫነም።

አፈር ብቻ ሲሆን ሌላ መንገድም አለ። ቬትናም ዳናንግ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በጦርነቱ ጊዜ የተከማቸው የአረም መርዝ ዳይኦክሲን ትቶ ነበር። ከ2012 እስከ 2018 ባለው ጊዜ አፈሩንና ደለሉን ቆፍረው እንደ ትልቅ ሣጥን በታጠረ ግንብ ውስጥ ከመሩት። ከዚያ የማሞቂያ ዘንጎች ሰክተው ክምሩን 335 ዲግሪ አደረሱት። አብዛኛው ዳይኦክሲን እዚያው ፈረሰ፤ ያመለጠውን እንፋሎት ሰብስበው አጣሩት። 90,000 ሜትር ኩብ ያህል አጸዱ። ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አሁን ይህን ወደ ጣና አምጡት። የሐይቁን ወለል አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ እንላጠው ብንል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ ነው። ዳናንግን ከ300 ጊዜ በላይ ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር! ስለዚህ «ሐይቁን ጠርገን እናጽዳ» የሚል ሰው ከመጣ፣ የሚሸጠው ማሽን እንዳለው ጠርጥሩ።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ደለል መጥረግ የራሱ ጣጣ አለው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ላይ ፋብሪካዎች ከ1947 እስከ 1977 ፒሲቢ ሲለቁበት ኖሩ። ከ2009 እስከ 2015 ከ2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ደለል ተቆፍሮ ወጣ። ዛሬም ከዚያ ወንዝ አሳ ስለ መብላት ማስጠንቀቂያ አለ። ሲቆፈር ጭቃው ይነሣል፤ ተኝቶ የነበረው መርዝ እንደገና ይንሳፈፋል። የጣናን ጭቃ ደግሞ ማዕበል ብቻውን ያነሣዋል፤ ከሰዓት ንፋስ ሲነሣ የውኃውን ቀለም ያየ ያውቀዋል።

እኔን የማረከኝ ሌላው ዘዴ ነው። መርዙን ከማውጣት ይልቅ ባለበት ማሰር። በምን? በከሰል። የነቃ ከሰል የሚባለው፣ ማለትም በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተሠርቶ ቀዳዳው እንዲበዛ የተደረገው፣ እነዚህን ኬሚካሎች ከአፈር በላይ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢና ኖርዌይ ውስጥ ደለል ላይ ሞክረውታል። ከደለሉ ክብደት ከመቶ 2 እስከ 5 እጅ ሲደባለቅ፣ መርዙ እዚያው እያለ ወደ ውኃውና ወደ ትሉ የሚያልፈው በጣም ይቀንሳል። ትሉ ካልበላው አሳው አይበላውም። መርዙ አልጠፋም፤ ታስሯል። ይሄ ለአንዳንዶች ማጭበርበር ይመስላቸዋል። ለእኔ አይመስለኝም። መርዝ የሚጎዳው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ነው።

ከሰሉንስ ከምን? ዛፍ ቆርጠን ካልን ሌላ ጉድ ነው። እዚህ ላይ ነው እምቦጩ ትዝ የሚለኝ። ከሐይቁ ተነቅሎ ዳር ላይ የሚከመረው አረም ደርቆ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ከስሎ፣ ብክለት የሚይዝ ከሰል ሊሆን እንደሚችል በተለያዩ አገሮች ተሞክሯል። ለጠቅላላው ሐይቅ ሳይሆን ለተወሰነ ቦታ፦ ለአንድ የድሮ መጋዘን ጓሮ፣ ለአንድ ቦይ አፍ። ቀላል ነው አላልኩም። እምቦጭ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ማድረቁ ራሱ ሥራ ነው። ግን ዳር ላይ እየበሰበሰ ተመልሶ ሐይቁን ከሚያበላሽ ቢሞከር ምን አለበት?

ሕያዋን ነገሮችም አሉ። ባክቴሪያዎች ዲዲቲን ሊያፈርሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ዓይነት አየር በሌለበት ክሎሪኑን ይነቅላል፣ ሌላው አየር ባለበት የቀረውን ይጨርሳል። ስለዚህ አፈሩን አንዴ በውኃ ማጥለቅለቅ አንዴ ማድረቅ የታወቀ የማጽጃ ዘዴ ነው፤ የብረት ዱቄትና ፍግ ሲጨመርበት ይፈጥናል። ይህን ሳነብ ፎገራ ነው የታየኝ። የሩዝ ማሳው ክረምቱን ውኃ ይተኛበታል፣ በጋውን ይሰነጣጠቃል። ውኃ የተኛበት የሩዝ አፈር ዲዲቲን ከደረቅ ማሳ በፍጥነት እንደሚለውጥ ከታወቀ ቆይቷል። ወደ ዲዲዲ ነው የሚለውጠው፤ ስለዚህ ድል ነው ብሎ መጨፈር አይቻልም። ግን ገበሬው ሳያውቀው ግማሹን ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

እንጨት የሚያበሰብሱ አንዳንድ ፈንገሶችም ዲዲቲን እንደሚያፈርሱ በ1980ዎቹ ታውቋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዱባ ነው። ብዙ ዕፅዋት ዲዲኢን በሥሮቻቸው አይስቡም፤ ከዱባ ዘሮች አንዳንዱ ግን ከአፈሩ ይስበውና እስከ ግንዱ ያደርሰዋል። ለማጽጃ ጥሩ ነው። ለወጥ ግን መጥፎ ነው። የተበከለ ቦታ ላይ ዱባ ተክለህ መርዙን ሳብህ እንበል፤ ከዚያ ያን ዱባ የት ታደርገዋለህ? ላምህ ካገኘችው ወተቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የድሮ መጋዘን ጓሮ ላይ ዱባ የሚተክል ዘበኛ ካለ እባካችሁ ንገሩት።

እንግዲህ ጣናን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጽዳቱ የሚጀመረው ከሐይቁ ሳይሆን ከመጋዘኑና ከተዳፋቱ ነው። መርዙ በአፈር ላይ ተቀምጦ ከመጣ፣ አፈሩን ከላይ፣ ከተዳፋቱ ማስቀረት ጽዳት ነው። ጉና ተራራ ሥር የሚሠራ እርከን የአፈር ጥበቃ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ የመርዝ ጥበቃም ነው። የደንገሉም ነገር እንደዚያው። ዳርቻው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ሲኖር ጎርፉ ይዘገያል፣ ደለሉ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ሥሩ ላይ ይቀራል። ደንገሉን መንጥረን ባሕር ሸሹን (ውኃው ሲሸሽ የሚተወውን መሬት) ሁሉ ስናርስ፣ በአንድ በኩል ማጣሪያውን አነሣን፣ በሌላ በኩል የሚረጭ ማሳ እውኃው ከንፈር ላይ አስቀመጥን። እርሻው ያለው ሰው ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም መልስ በኪሴ የለኝም። ቢያንስ ከውኃው ዳር ጥቂት ሜትር ደንገል ይተው ማለት ግን ግፍ አይመስለኝም።

ከዚያ ናሙና። ፀረ ተባይ የተቀመጠባቸው አሮጌ መጋዘኖች ወለልና ጓሮ፣ አሮጌ ትራንስፎርመር የተከመረበትና ዘይቱ የፈሰሰበት ቦታ፣ የጉማራና የርብ መግቢያ ደለል፣ የከተማው ቦይ ሐይቁን የሚነካበት። አንድ ቱቦ ወደ ጭቃው ሰክቶ ሲያወጡት ከታች ያለው የድሮ ነው፣ ከላይ ያለው የቅርብ። ጥቂት ቱቦ ብዙ ዘመን ይናገራል። ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ተማሪ አይጠፋም። የሚጠፋው መመርመሪያው መሣሪያና የሚያስፈልገው ኬሚካል ነው፤ እሱም ቢሆን ለእምቦጭ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ። «መጀመሪያ የእኔን ቤት ግድግዳ መርምሩ» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። የድሮው ቤታቸው ዘንድሮ ሊፈርስ ነው፤ ምርጉን የት እንድፋው ብለው ጠየቁኝ። ከጎመኑ ርቆ፣ ከቦዩ ርቆ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ የቤቱ መሠረት ሙሌት ይሁን አልኳቸው። ከሰል ፍርፋሪ ቢደባለቅበት አይጠላም። ጓዳቸው ውስጥ ደግሞ ከሥራው ዘመን የቀረ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ አለ። ሊያቃጥሉት ነበር። እንዳያቃጥሉት፣ ሽንት ቤትም እንዳይጥሉት ለመንኳቸው። ሁለት ላስቲክ ደርበን በቆርቆሮ ጣሳ ከደንነው፤ ላዩ ላይ «መርዝ» ብለን ጻፍንበት። በሚቀጥለው ሳምንት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደን እናስመዘግበዋለን። የሚረከበን ሰው ላይኖር ይችላል። ግን የፊንላንዱ ጭነትም ቢሆን የተጀመረው አንድ ሰው መጋዘን ገብቶ በርሜል ሲቆጥር ነው።